ገበቴ ውስጥ የታጠበው ሬዲዮ

እጁን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሰው ስታዩ ብዙ ጊዜ ኩሩ ነው ትላላችሁ። እኔም እል ነበር። አንድ መስከረም አምቦ ከተማ ውስጥ ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ ከሰነበትኩ በኋላ ግን በእንዲህ ያለ ሰው ላይ መፍረድ ትቻለሁ። ምናልባት ምስኪኑ እጁ ላይ የደረሰውን የሚያስረዳበት ቃል አጥቶ ይሆናል። እኔ ቃሉስ ነበረኝ፤ የጠፋው የሚያምነኝ ሰው ነው።

በዚያን ጊዜ አምቦ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አገሬ ጎጃም ነው፤ የመንግሥት ሥራ ነው እዚያ ያደረሰኝ። የተከራየሁት እትዬ አበቡ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ነበር። እትዬ አበቡ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ያገሬ ሰው መሆናቸው ከታወቀ ጀምሮ "ልጄ" ይሉኛል። ልጃቸው ስለሆንኩም ክፍሌ ሲገቡ አያንኳኩም። ይህቺን ልማዳቸውን ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ጫልቱን ያገኘኋት አውቶቡስ ላይ ነው። ጊንጪ ታስተምር ነበር። አውቶቡሱ አንዱን ጉድጓድ ሲዘል የተማሪዎቿ ደብተር ከነቀይ እስክሪብቶዋ ጭኔ ላይ ተዘረገፈ። እኔ ደግሞ የጸሐፊ አመሌ ሆኖ አንዱን ደብተር ገልጬ፣ እስክሪብቶዋን አንስቼ፣ የተሳሳተ መደመር አረምኩ። "እሱን የማርመው እኔ ነኝ" አለችና እስክሪብቶውን ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው። ያን ቀን ወደድኳት። ለምን ብትሉኝ፣ አነጣጠቋ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ጊንጪ ላይ ጉዳይ ያለኝ ሰው ሆንኩ፤ ጉዳዬ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሾፌርም አልነበረም።

ወግ ነውና ወደ አባቷ ወደ ኦቦ ገመቹ ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ፤ በመሥሪያ ቤታችን በዕድሜ አንጋፋው፣ ሰው የሚያከብራቸው፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ይልቅ ጉልበታቸው ላይ የሚያስቀምጡ ሰው። ከጊንጪ ሲመለሱ መዝገብ ቤት መጥተው ተቀመጡ፤ ባርኔጣዋም ቦታዋን ያዘች።

"ኦቦ ገመቹ ስለ ዘርህ አልጠየቀም" አሉኝ። "ስለ ደሞዝህም አልጠየቀም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀ። ሃርኪ ኢሳ ማል ሆጄታ? አለ። እጁ ምን ይሠራል ነው የሚለው።"

"ታዲያ ምን አሏቸው?"

"ይጽፋል አልኩት።"

"ጥሩ ብለዋል።"

"ምኑ ጥሩ ነው? መጻፍማ ልጄም ትጽፋለች፤ ሁለቱም ቁጭ ብለው ሲጽፉ ጣራው ቢያፈስ ማን ይወጣል? አለኝ።"

ኦቦ ገመቹ የእህል ነጋዴ ናቸው። ቤታቸውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሚዛናቸውም ሲበላሽ ራሳቸው ይፈቱታል። ከእኔ ሌላም ጠያቂ አላቸው፤ ሸነን የሚኖር ባለ ወፍጮ ሽማግሌ ልኳል። ወፍጮ ደግሞ የሚታይ ነገር ነው፤ ይጮሃል፣ ዱቄት ይሰጣል። የእኔ መዝገብ አይጮህም። ለሁለታችንም ሽማግሌዎች የተሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ መስቀል ይለፍና ተመለሱ።

"አንድ ነገር አይቻለሁ" አሉ ኦቦ ቶሎሳ ሊነሱ ሲሉ። "ሬዲዮው ሞቷል። ዳንቴል አልብሶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ራሱ ፈታትቶት አቅቶታል መሰለኝ፤ ስለሱ ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል።"

ይህን ሲሉኝ የማን ፊት እንደበራ መገመት አያስቸግርም። እኔ የሬዲዮ በሽታ ነበረብኝ። አዲስ አበባ ሬዲዮ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ፤ ከሞቱ ሬዲዮዎች የተረፈውን ብልት ሁሉ በወረቀት እየጠቀለለ ይሰጠኛል፤ ምስላቸውን እንጂ ጽሑፋቸውን በቅጡ የማላነባቸው የፈረንጅ መጽሔቶችም ይጨምርልኛል። አንድ ጊዜ እንዲያውም በጣውላ ላይ ምስማር መትቼ፣ ሽቦ ከሽቦ በይጄ፣ የሚናገር ሬዲዮ ሠርቼ ነበር። ክፍሌ ውስጥ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ወዳጄን ላሳየው በአውቶቡስ ይዤው ስሄድ ግን መንገዱ ብየዳውን አንድ በአንድ ፈታው፤ አዲስ አበባ የደረሰው ሬዲዮ ሳይሆን የተበጠሰ ሽቦ ጥቅልል ነው።

ለኦቦ ገመቹ አዲስ ሬዲዮ ልሠራላቸው ወሰንኩ፤ የእሳቸው ግን በመንገድ የማይፈታ መሆን ነበረበት። መድኃኒቱን መጽሔቱ ላይ አየሁት። አንድ ፊቱ በስስ መዳብ የተለበጠ ሰሌዳ አለ። ሽቦ ሊሄድበት የሚገባውን መንገድ በቀለም መዳቡ ላይ ትስላላችሁ። ከዚያ መዳብ የሚበላ ኬሚካል ውስጥ ትነክሩታላችሁ። ኬሚካሉ ያልተቀባውን መዳብ ሁሉ በልቶ ይጨርሳል፤ ከቀለሙ በታች ያለው ይቀራል። የቀረው መዳብ እሱ ራሱ ሽቦ ነው። ተጣብቋል፤ ጉድጓድ ቢዘል ባይዘል ግድ የለውም። ይህን ሳነብ ከዚህ በላይ ቀላል ነገር በዓለም የለም አልኩ። ሰው በሕይወቱ እንዲህ ብሎ ያሰበባቸውን ቀኖች ቢያስታውስ ብዙ ነገር ይማር ነበር፤ እኔ አላስታወስኩም።

ወዳጄ ሰሌዳውን ሰጠኝ፤ አንዲት ቁራጭ ብቻ ናት፣ ሌላ የለችውም። ኬሚካሉንም ከማተሚያ ቤት ሠራተኛ ለምኖ በጠርሙስ ሞላልኝ፤ ቡናማ ቢጫ ጓል ነው፣ ሲያዩት ከረሜላ ይመስላል። የቀረኝ የምስልበት ቀለም ነው። መጀመሪያ ሻማ አቅልጬ ቀባሁ፤ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። ቀጥሎ ከመንገድ ሠራተኞች ሬንጅ ለመንኩ፤ ሬንጁ ከሰሌዳው ይልቅ ሱሪዬን ወደደ። ሦስተኛው መጽሔቱ የሚመክረው ነው፤ የሴት የጥፍር ቀለም።

የከድር ሱቅ ገበያው ዳር ነው። ከድር ከወራቤ በኩል የመጣ ነጋዴ ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ገዢን ለምን ትገዛለህ ብሎ አይጠይቅም። ያን ቀን ሁለት ሴቶች ስኳር ያስመዝኑ ነበር።

"የጥፍር ቀለም ይኖርሃል?" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ኩቴክስ?" አለ ከድር፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ። "ምን ዓይነት ይሁንላቸው ጌታው?"

"ለሴት አይደለም።"

ሚዛኑ ላይ ያለው ስኳር መፍሰሱን አቆመ። ነገሩን ያስተካከልኩ መስሎኝ፣ "ለሬዲዮ ነው" ስል ጨመርኩ።

"ገብቶኛል ጌታው" አለ ከድር፤ ምንም እንዳልገባው ከትሕትናው አወቅሁ። ቀዩን መረጠልኝ። ሰው እንዳያይብኝ ብሎም በጋዜጣ ሦስት አራት ጊዜ ጠቀለለው፤ እንዲያ ተጠቅልሎ ከሱቅ የሚወጣ ነገር ደግሞ አምቦ ውስጥ ሁሉም ያየዋል። ጠርሙሷ ትንሽ ስለሆነች በማግስቱ ተመልሼ ሌላ ገዛሁ። "ወደዱት?" አለኝ ቀስ ብሎ። እኔ የማስበው ስለ መዳቡ ነበርና "በጣም ጥሩ ነው የያዘው" ብዬው ወጣሁ።

በክብሪት እንጨት ጫፍ እየነከርኩ መንገዶቹን ስስል ቅዳሜ ዋለ። ሥዕሉ አማረብኝ። እሁድ ጠዋት እትዬ አበቡ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ኬሚካሉን አወጣሁ። መጽሔቱ ከብረት ዕቃ አርቁት ይላል። በእትዬ አበቡ ቤት የብረት ያልሆነ ጠፍጣፋ ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ የእንጨት ገበቴ። ገበቴውን አምጥቼ ውሃ አድርጌ ጓሉን ስጨምርበት፣ እሳት ሳይነካው በራሱ ሞቀ፤ ቀለሙም የበሰለ በርበሬ ወጥ ሆነ። ሰሌዳውን በመቆንጠጫ ያዝኩት፤ መቆንጠጫው ቀለሙን ጫረብኝ። ጓንቲ እንኳን እኔ፣ አምቦ ውስጥ ሐኪሞች ካልሆኑ ማንም የለውም። ስለዚህ እጅጌዬን እስከ ክርን ሰበሰብኩ፣ ጉልበቴ ላይ ጨርቅ ጣል አደረግሁ፣ ዱካ ላይ ተቀመጥኩና ሁለት እጄን ገበቴው ውስጥ ከትቼ ሰሌዳዋን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ጀመርኩ። ትንሽ ይለበልባል እንጂ ሙቀቱ ደስ ይላል። እንጉርጉሮም ጀምሬ ነበር።

እትዬ አበቡ እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ ገቡ።

መጀመሪያ ገበቴውን አዩ። ከዚያ እጄን አዩ። ከዚያ መስኮቱ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ቀያይ ብልቃጦች አዩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ በእኛ አገር ሰርግ ሲደርስ ሙሽሪት እንሶስላ ትሞቃለች። ሥሩ ተቀጥቅጦ፣ ሞቅ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ እጇ እስኪቀላ ትነክራለች። በእኔና በእትዬ አበቡ ሰፈር ደግሞ ወንዱም ሙሽራ ይሞቃል።

"ልጄ" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ?"

"እትዬ፣ አሁን አያናግሩኝ፤ እጄን ካቆምኩ ይበላሻል።"

"አልነካም፣ አልነካም" አሉና ወደ ኋላ እየሄዱ ወጡ። እልልታቸውን በነጠላቸው ሲያፍኑት ሰማሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላሰብኩም፣ ዓይኔ መዳቡ ላይ ነበር። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉልኝ። በዚያ ግቢ ስኖር በሬን ሲዘጉልኝ የመጀመሪያቸው ነው።

መዳቡ ተበልቶ ሲያልቅ ሰሌዳዋ ላይ ቀያዮቹ መንገዶች ብቻ ቀሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበርና ዞሬ ዞሬ አየኋት። ከዚያ እጄን አየሁ። ከጣቴ ጫፍ እስከ አንጓዬ ድረስ እንደ ዝገት ቀልቶ፣ ጥፍሮቼ ሥር ጠቁሯል። በሳሙና አጠብኩት፤ በሎሚ አሸሁት፤ በአመድ ፈተግሁት። ሳሙናው ተለወጠ እንጂ እጄ አልተለወጠም።

ሰኞ ማለዳ ፎጣና ሳሙና ይዤ ወደ ፍል ውሃው ወረድኩ። ቁርጥማትና እከክ የሚያድን ውሃ ለዚህ አያንስም ብዬ ነው። እትዬ አበቡ በር ላይ ቆመው "ታጠብ፣ ልጄ፣ ወጉ ነው" አሉኝ። እዚያም ሳለሁ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ሳሙና አቀብሎኝ "ጋብቻ ክቡር ነው" ብሎኝ ሄደ። የሆነ ነገር እንዳለ መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው።

መሥሪያ ቤት ስደርስ ጥርጣሬዬ አለቀ። አምቦ ሰው ሲገናኝ ሳይጨባበጥ አያልፍም፤ እጅ መከልከል ነውር ነው። የመጀመሪያውን እጅ ስጨብጥ እጄ ተገልብጦ ታየ። አለቃዬ ሳይቀሩ "መቼ ነው?" አሉኝ። ምኑ ብል፣ "እሺ፣ ካልክ እንጠብቃለን" ብለው ሳቁ። ኬሚካል ነው አልኩ፤ ሳቁ። ሬዲዮ እየሠራሁ ነው አልኩ፤ ይብስ ሳቁ። አንድ ሙሽራ የሚክደውን ያህል ነበር የካድኩት፤ ስለዚህ በካድኩ ቁጥር ይበልጥ ሙሽራ ሆንኩ። አንዱ ባልደረባዬ ለሚዜነት ጫማ አሠርቷል ተባለ። እትዬ አበቡን ለሰው አያውሩብኝ ብዬ ብለምናቸው፣ "ምስጢር ከሆነ ምስጢር ነው" ብለው ማሉልኝ፤ ገበያ ወጥተውም ምስጢር መሆኑን ለሁሉም ነገሩ።

ወሬው እንደ ወጉ ሙሽሪት ያስፈልገው ነበርና አንዲት ተበጀችለት። ከጎጃም የምትመጣ ናት አሉ። የአጎቴ ምርጫ ናት አሉ። አጎት የለኝም። ነገሩ እስከዚህ ድረስ ያስቀኝ ነበር፤ ኦቦ ቶሎሳ መዝገብ ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉና ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ ሲተዉት ግን ሳቄ ጠፋ።

"እጅህን አሳየኝ" አሉ።

አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ኦቦ ቶሎሳ፣ ይሄ ኬሚካል ነው። ለኦቦ ገመቹ ሬዲዮ እየሠራሁ ነው።"

"የኔ ልጅ" አሉ በቀስታ፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "እኔ በዚህ ሽበቴ ሰው ደጅ ቆሜ ልጅህን ስጠን ብያለሁ። አሁን ያንተ ሰው ሌላ ሊያገባ እጁን ሞቋል ሲሉኝ፣ ኬሚካል ነው ብዬ ልመልስ? ቀጠሮ ነውና እሄዳለሁ። ግን ልጠይቅልህ አይደለም የምሄደው። ይቅርታ ልጠይቅ ነው።"

በሩን ከፍተው ወጡ። እስከዚያ የፈራሁት ለእጄ ነበር። ጫልቱን ላጣት እንደምችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ደግሞም ያለ አንዳች በደል፣ ባንድ ገበቴ ምክንያት።

ጫልቱ ቅዳሜ በገበያ ቀን ከአውቶቡስ ወርዳ ቀጥታ ግቢያችን መጣች። እትዬ አበቡ አያውቋትም። በደስታ ተቀብለው "የሙሽራው ዘመድ ነሽ?" አሏት።

"ገና አልታወቀም" አለች ጫልቱ።

ክፍሌ በር ላይ ስታገኘኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። "አውጣው" አለችኝ፤ አወጣሁት። እጄን ይዛ እንደ ተማሪ ደብተር ገለባበጠችው። "አውቶቡሱ ይሄን ያወራል" አለች። "ተማሪዎቼ ያወራሉ። ትናንት አንዷ ልጅ፣ መምህር አይዞሽ አለችኝ። እኔ ከአንተ አፍ እስክሰማ አላለቅስም ብዬ ነው የመጣሁት።"

ሰሌዳዋን አንስቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ቀለሟ ገና አልተፋቀም ነበር። ጫልቱ በጣቷ አንዱን ቀይ መንገድ ተከትላ እስከ ዳር ሄደች፤ ተመልሳ ሌላውን ተከተለች። እኔም ስለ ገበቴው፣ ስለ አባቷ ሬዲዮ፣ ስለ ጉድጓዱ መንገድ ሁሉንም ነገርኳት።

"ያ ሁሉ ኩቴክስ እዚህ ላይ ነው ያለቀው?"

"አዎ።"

"ለእኔ አንዲት ብልቃጥ ገዝተህልኝ አታውቅም" አለች። እንደዳንኩ ያወቅሁት በዚህ ነው። ሰሌዳዋን ስትመልስልኝ ግን እንዲህ አለችኝ፤ "እኔ አምኜሃለሁ። እኔ ብቻ ግን አልበቃም። አባቴን በአፍ አታሳምነውም። ካልነካው አያምንም። የሸነኑም ሰው ሽማግሌዎች መስቀል እንዳለፈ በዚያው ሳምንት ይመጣሉ።"

ከሄደች በኋላ ቀለሙን ፍቄ፣ ሰሌዳዋን በሰዓት ሠሪ መሰርሰሪያ በስቼ፣ የሬዲዮውን ብልቶች ላስገባ ስል ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ሥዕሉ ተገልብጧል። ለካ መንገዶቹን የሳልኩት ከፊት እንደሚታዩት ነው፤ ብልቶቹ እግራቸውን የሚያስገቡት ደግሞ ከጀርባ ነው። የነጠላ ጥለት ከጀርባው ስታዩት ቀኙ ግራ እንደሚሆነው፣ የእኔም ሬዲዮ ሁለመናው ቀኝና ግራውን ተለዋውጧል። ሌላ ሰሌዳ የለም። ኬሚካሉም ጠጥቶ ጠግቧል፣ ከእንግዲህ አይበላም። ራሴን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ አንድ አስቀያሚ መላ መጣልኝ። ብልቶቹን ከጀርባ በማስገባት ፈንታ እዚያው መዳቡ ላይ፣ እግራቸውን አጥፌ፣ ከፊት በየድኳቸው። ችግሩ እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱን ብልት በጣት ይዞ ጣቱ አጠገብ መበየድ ያስፈልጋል። ከሰል ላይ የጋለ ብረት ጣትና ብልት አይለይም። ሬዲዮው ሲያልቅ አንጀቱ ውጭ ነበር፤ የእኔም ጣቶች አምስቱም ተለብልበው ነበር። የባትሪ ድንጋይ ሳስገባበት ግን አጉረመረመ። ጠባዩን ቶሎ ተረዳሁት፤ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ሲያዞሩት ይናገራል፣ ወደ ባኮ ሲያዞሩት ዝም ይላል።

መስቀል አልፎ ቀጠሮው ሲደርስ ኦቦ ቶሎሳ ሬዲዮውን ይዘውልኝ ለመሄድ እሺ አሉ። "ይቅርታ ስጠይቅ ባዶ እጄን ከምሆን" ነው ያሉት። እንዴት እንደሚከፈት አሳየኋቸው፤ ስለ አዲስ አበባና ስለ ባኮ ስነግራቸው ግን በደንብ የሰሙኝ አልመሰለኝም። ጠያቂው ራሱ በሚጠየቅለት ቤት አይገኝም፤ ነውር ነው። ስለዚህ በዚያው አውቶቡስ ከኋላ ወንበር ሄጄ ጊንጪ ላይ ከኦቦ ገመቹ ደጅ ትይዩ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ሌላ አዘዝኩ፤ እሱም ቀዘቀዘ። ሽማግሌዎቹ ከገቡበት ቤት ድምፅ አልወጣም፤ በተለይ የሬዲዮ ድምፅ አልወጣም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ኦቦ ቶሎሳ በር ላይ ብቅ ብለው በእጃቸው ጠሩኝ። የሻዩን ሂሳብ ጥዬ ተሻገርኩ።

ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። መደርደሪያው ላይ ዳንቴል የለበሰው ሬዲዮና አንጀቱን የዘረገፈው የእኔ ሬዲዮ ጎን ለጎን ሆነው ሁለቱም ዝም ብለዋል። ኦቦ ገመቹ ግዙፍ ሰው ናቸው።

"በገ ነጋን ዹፍቴ" አሉኝ፤ እንኳን ደህና መጣህ መሆኑ ነው። ከዚያ እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ "ሜ ሀርከ ኬ" አሉ፤ እስቲ እጅህን።

ዘረጋሁ። በሁለት እጃቸው ያዙት። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ቀለሙን አሹት፤ አልለቀቀም። አሸተቱት። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየገለበጡ ጫፋቸውን ተመለከቱ፤ ያበጠውን፣ የተላጠውን፣ የጠቆረውን።

"ቶሎሳ" አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ። "ሊያገባ የሞቀ ሰው ጣቱ እንዲህ ይሆናል?"

ኦቦ ቶሎሳ ከተቀመጡበት ተነስተው መጡና እሳቸውም ጣቶቼን አዩ። "አይሆንም" አሉ። "እኔ ቀለሙን ነው እንጂ ይሄን አላየሁም።" ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አወለቁ።

"የሸነኑን ሰውዬ እጅ አይቻለሁ" አሉ ኦቦ ገመቹ። "ለስላሳ ነው። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅስለት ሌላ ሰው ነው።" ከዚያ ወደ መደርደሪያው አገጫቸውን ቀሰር አደረጉ። "ይሄ ግን አይናገርም።"

"በሩ ላይ ይዘውት ይውጡ" አልኩ። "ቀስ ብለው ወደ አዲስ አበባ ያዙሩት።"

ሬዲዮውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ደጃፉ ሄዱ። ከፍ አደረጉት፤ አዞሩት። አንዴ ጮኸ፣ ተንጫጫ፣ ከዚያ የአንድ ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ዜና ማንበብ ጀመረ። ኦቦ ገመቹ ባሉበት ደረቁ። ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ሰውየው ዝም ይላል፤ ሲመለሱ ይቀጥላል። ስለዚህ አልተንቀሳቀሱም። ክንዳቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ፣ ጀርባቸውን ለእኛ እንደሰጡ፣ ዜናው እስኪያልቅ ቆሙ። ኦቦ ቶሎሳም ጊዜው ይህ መሆኑን አውቀው ጥያቄያቸውን ለኦቦ ገመቹ ጀርባ አቀረቡ።

"ቶሌ" አሉ ኦቦ ገመቹ ዞር ሳይሉ። እሺ ማለታቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው መረቁ፤ የልጅቷ አባት ቆመው አሜን አሉ። እኔ የማየው አጥቼ ጫማዬን አየሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር እሱንም በደንብ አላየሁት።

ሰርጉ የሆነው ጥር ላይ ነው። ያ ቀለም እስከዚያ ከእጄ ጠፍቶ ነበር። እትዬ አበቡ በዋዜማው እውነተኛውን እንሶስላ ቀጥቅጠው፣ በዚያው ገበቴ አሙቀው አስነከሩኝ፤ ገበቴው ከዚያ እሁድ ወዲህ ለሌላ ነገር አይውልም። ቢያሹ ቢነክሩ ጥፍሬ ጫፍ ላይ ቀላ ከማለት አላለፈም። "የመጀመሪያው ይሻል ነበር" አሉኝ አዝነው። "ከየት ነበር የገዛኸው?"

በማግስቱ ጊንጪ ላይ ኦቦ ገመቹ በእንግዳው ሁሉ ፊት ሊስሙኝ መጡ። እጄን ሲጨብጡ ግን ቆም አሉ። ገለበጡት። ንጹሕ ነው፤ የጸሐፊ እጅ። ግንባራቸው ተኮማተረ።

"ሃርኪ ኬ ኤሳ ዸቄ?" አሉኝ። እጅህ የት ሄደ?

"ይመለሳል፣ አባ" አልኳቸው። "ኩቴክስ ስላለቀብኝ ነው።"

ጫልቱ አጠገቤ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ ቀያይ ጥፍሮቿን ካባዋ ውስጥ ሸሸገች።